ማንኪያ ሲያይ የሚዘጋ አፍ

ልጄ ስድስት ወር የሞላት ዕለት ቤታችን ድግስ ያለበት ይመስል ነበር። እናቴ ከደሴ ከመጣች ገና ሳምንቷ ነው። ገንፎው ተገንፍቶ፣ ለጋ ቅቤ ጠብ ተደርጎበት፣ ለዚሁ ቀን በተገዛ ሰማያዊ ሳህን ቀርቧል። ባለቤቴ ስልኩን ደግኖ ቪዲዮ ይቀርጻል። ሚጣዬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ የመጀመሪያዋን ማንኪያ ወደ አፏ አስጠጋሁ። ማንኪያውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ዘጋችና ፊቷን ወደ ጡቴ አዞረች። ቪዲዮው አሥራ አንድ ሰከንድ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ አላጠፋነውም።

«ዛሬ አላሰኛትም፤ ነገ ትበላለች» ተባባልን። ነገም አልበላችም፤ ከነገ ወዲያም። ገንፎውን በአጥሚት፣ አጥሚቱን በተፈጨ ድንች፣ ድንቹን በሙዝ ለወጥን። ሙዙን ለጥቂት ቀናት ላስ ላስ አደረገችና እሱንም ተወችው። ምግብ ምላሷ ላይ ካረፈ በምላሷ ገፍታ ታወጣዋለች፤ ማንኪያ ካየች ደግሞ ገና ከሩቁ አፏ ይዘጋል። ጡት ግን በማንኛውም ሰዓት፣ በማንኛውም ቦታ፣ ያለ ልመና።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ትዳር ይዤ ጅግጅጋ ከመጣሁ አምስተኛ ዓመቴ ነው። ከሐረር ተነስታችሁ በባቢሌ በኩል ስትመጡ፣ የካራማራን ተራራ ተሻግራችሁ ሜዳው ድንገት ሲዘረጋ የምታገኟት ከተማ ናት። ብዙ ሰው ካራማራን የሚያውቀው በ1970 ዓ.ም. ጦርነት፣ በየካቲት 26 ድል ነው። ለእኔ ግን ካራማራ ሌሊቱን ስታጠባ ያደረች እናት ጎህ ሲቀድ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ የምታየው ተራራ ነው። በቢዝነስ ማኔጅመንት ተመርቄ በአንድ የግል ድርጅት ቅርንጫፍ ማርኬቲንግ ኦፊሰር ሆኜ እሠራለሁ። ሰው ያላሰበውን ነገር እንዲፈልግ ማድረግ እንጀራዬ ነው። ይህን የምነግራችሁ በኋላ ላይ ምን ያህል እንደተሸነፍኩ እንዲገባችሁ ነው።

በሠራተኛ ሕጋችን ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አለን። የጤና ባለሙያዎች ደግሞ ሕፃን እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ውኃ እንኳ አያስፈልገውም ይላሉ። በ90 ቀንና በስድስት ወር መካከል ያለውን ሦስት ወር የምትሞላው እናት ናት። እኔም ሞላሁት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አጥብቼ እወጣለሁ፤ አልቤ ያስቀመጥኩትን ወተት ሞግዚቷ በስኒ ትሰጣታለች፤ ምሳ ሰዓት በባጃጅ እየበረርኩ መጥቼ አጥብቼ እመለሳለሁ። ስድስት ወር እስክትሞላ ቀን ቆጠርኩ። «ምግብ ትጀምርና ትንሽ እተነፍሳለሁ» እል ነበር።

የሆነው ተቃራኒው ነው። ሚጣዬ ቀን ቀን ከስኒው ጥቂት ቀምሳ እኔን ትጠብቃለች፤ ማታ ስገባ ሒሳቧን ታወራርዳለች። ሌሊቱን አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ፣ አንዳንዴ ስድስት ጊዜ ትጠባለች። ጠዋት ስብሰባ ላይ የራሴን ስላይድ እያነበብኩ ዐይኔ ይከደናል። አንድ ቀን ለደንበኛ በላክሁት የዋጋ ማቅረቢያ ላይ አንድ ዜሮ ጎድሎ ተገኘ። አለቃዬ በሥርዓት ነው የነገረኝ፤ ሽንት ቤት ገብቼ ያለቀስኩት ግን በሥርዓት አልነበረም።

ምክር በየአቅጣጫው ዘነበ። «ጡቱን አስጥያት፤ ሲርባት ትበላለች።» «ጡትሽን ሬት ቀቢው።» «የግመል ወተት ሞክሪላት።» «ሻይ በብስኩት የማይወድ ልጅ የለም።» ሱቅ ሄጄ በቶጎ ውጫሌ በኩል የገቡ ሦስት ዓይነት የሕፃናት ምግብ ቆርቆሮዎች ገዛሁ። በሦስቱም ላይ ጉንጫቸው የሞላ ሕፃናት ይስቃሉ። ያ ሥዕል እዚያ ለምን እንደተቀመጠ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1981 የእናት ጡት ወተትን የሚተኩ ምርቶች ግብይት ላይ ደንብ ያወጣው እኮ እንዲህ ያለው ሥዕል በደከመች እናት ላይ ምን እንደሚሠራ ስለታወቀ ነው። አውቄም ገዛሁ። ሚጣዬ ሦስቱንም በምላሷ መለሰቻቸው።

እናቴ መጀመሪያ ሰሞን ትቀልድ ነበር። የምንኖርበት ዞን ፋፋን መባሉን ስትሰማ «ፋፋን ተቀምጣ ያልፋፋች ልጅ!» ብላ ሳቀች። ለእሷ ዘመን ሰው ፋፋ ማለት ዱቄቱም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን ድጋፍ አገራችን ውስጥ መመረት የጀመረው የሕፃናት ምግብ። ሰባት ወር ሲያልፍ ግን ቀልዱ ቀረ። «ልጄ፣ ይቺ ልጅ ካልተጋተች አትበላም» አለችኝ።

ማጋትን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ሕፃኑን ጭን ላይ አጋድሞ፣ መዳፍን ጎድጎድ አድርጎ አፉ ላይ ደግኖ አጥሚቱን ማፍሰስ ነው። ሕፃኑ እያለቀሰ፣ ለመተንፈስ ሲል ይውጣል። አብዛኞቻችን የዚህ ውጤት ነን። እኔ ግን «እማዬ፣ እባክሽ ይቅር፤ ትን ይላታል» አልኳት። እናቴ ዝም አለች። ዝምታዋ ከንግግሯ ይከብዳል። ማታ ማታ ሚጣዬ ማንኪያውን ስትገፋ እናቴ ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። ያኔ እንደ ቁጣ ነበር የቆጠርኩት።

ስምንት ወር በሞላት ሳምንት ለሥራ ወደ ቶጎ ውጫሌ ደርሼ እንድመለስ ታዘዝኩ። ቀኑን ሙሉ የምርቃት ሥራ ነው፤ ምሳ ሰዓት መምጣት የለም። በዋዜማው ማታ ሚጣዬ እንደ ልማዷ አፏን ዘጋች። ነገ ምን ትሆናለች? ሞግዚቷ ምን ትሰጣታለች? ድካሙም፣ ፍርሃቱም፣ ንዴቱም አንድ ላይ መጣብኝ። እናቴን የከለከልኩትን እኔ አደረግኩት። አጋደምኳትና አጥሚቱን ጋትኳት።

ሁለት ጊዜ ዋጠች። በሦስተኛው ትን አላት። መጀመሪያ ሳለች፤ ከዚያ ሳሉ ቆመ። ድምፅ የለም። ከንፈሯ ሲጠቁር አየሁ። እናቴ ከእጄ ነጥቃ በክንዷ ላይ በደረቷ ደፋቻት፤ ራሷን ዝቅ አድርጋ በትከሻዎቿ መካከል ደጋግማ መታቻት። አጥሚቱ በአፏም በአፍንጫዋም ወጣና ጮኸች። በሕይወቴ እንደዚያ ጩኸት ደስ ብሎኝ የሰማሁት ድምፅ የለም። ምን ያህል እንደቆየ ባለቤቴ «ግማሽ ደቂቃ አይሞላም» ይላል። ለእኔ ግን አንድ ዓመት ነው።

ሚጣዬ ጡት ይዛ እንቅልፍ ከወሰዳት በኋላ እናቴ አጠገቤ ተቀመጠች። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። «አንቺንም ጋቼሻለሁ፤ ወንድሞችሽንም። ትን ብሎሽ ያውቃል» አለች። ከዚያ ነግራኝ የማታውቀውን ነገር ነገረችኝ። በ77ቱ ድርቅ ከወሎ ገጠር ተነስተው መጠለያ ገብተው ነበር። እናቴ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ትንሽ ወንድሟን ያዘለችው እሷ ነበረች። «እህል ሲታጣ አለቀሰ። ለቅሶ ደግ ነው። ኋላ ገንፎ ሲመጣልን አፉን ዘጋ። በማንኪያ ብለው፣ በጣት ብለው፣ አልከፍት አለኝ። አፉን የዘጋ ልጅ አይነሳም ይሉ ነበር፤ አልተነሳም። ይቺ አፏን ስትዘጋ እኮ እኔ የማየው እሷን አይደለም።»

ጓዳ የምትገባው ተቆጥታ አልነበረም። ያን ማታ ሁለታችንም አለቀስን። በማግስቱ ቶጎ ውጫሌ አልሄድኩም፤ ደውዬ ልጄ ታማለች አልኩ። ሚጣዬን ይዘን ሦስታችንም ጤና ተቋም ሄድን።

የተቀበለችን ሲስተር መጀመሪያ መዘነቻት። በስድስት ወሯ 6 ኪሎ ተኩል ከ400 ግራም ነበረች፤ አሁን 7 ኪሎ ከ200 ግራም። በሁለት ወር የጨመረችው 300 ግራም ብቻ ነው። ከዚያ ክንዷን በዚያች ባለ ሦስት ቀለም ጥብጣብ ለካች። ከ12 ሳንቲ ሜትር ተኩል በላይ አረንጓዴ ነው፤ ከዚያ በታች ቢጫ፤ ከ11 ሳንቲ ሜትር ተኩል ሲያንስ ቀይ። የሚጣዬ አረንጓዴው ላይ ወደቀ። እናቴ ቀለሙን አይታ «ተመስገን» አለች፤ ማንበብ ባትችልም ቀለም ታውቃለች። «ልጅሽ አልተጎዳችም» አለችኝ ሲስተር፤ «ግን መሥመሯ መተኛት ጀምሯል። አሁን መምጣታችሁ ጥሩ ነው።» ሐኪሙ ደም አስመረመረ። ሂሞግሎቢኗ 9 ነጥብ 8 ሆነ፤ ደም ማነስ አለባት።

ነገሩ የተገለጠልኝ እዚህ ላይ ነው። ሕፃን ሲወለድ ከእናቱ የያዘው የአይረን ስንቅ አለው፤ ስንቁ ስድስት ወር አካባቢ እያለቀ ይሄዳል። የጡት ወተት ለብዙ ነገር የሚተካው ባይኖርም አይረኑ ትንሽ ነው። ስለዚህ ከስድስት ወር በኋላ አይረን ከምግብ መምጣት አለበት። ካልመጣ ደም ያንሳል፤ ደም ሲያንስ ደግሞ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ስላልበላች ደሟ አነሰ፤ ደሟ ስላነሰ አትበላም። እኔ እልኸኝነት ያልኩት ነገር ግማሹ በሽታ ኖሯል።

ሲስተር ሌላም ጠየቀችን። ቀን ምን ትቀምሳለች? ሞግዚቷን ደውዬ ጠየቅኳት። «ምንም ሲሆንባት ሻይ በብስኩት እሰጣታለሁ፤ እሱን ትወዳለች» አለች በየዋህነት። ሻይ በምግብ ውስጥ ያለውን አይረን አንጀት እንዳይወስደው ያግዳል። ስኳሩ ደግሞ ረሃቧን ያታልላል። ሞግዚቷን ልወቅሳት አልቻልኩም። እኔ ራሴ የነገርኳት «የምትወደውን ስጫት» ብዬ ነው።

«ማን አብሯት ይበላል?» አለች ቀጥላ። ዝም አልን። ለካ ሚጣዬ ሁልጊዜ የምትበላው ለብቻዋ ነው። ሦስት አዋቂ ከብቦ አፍ አፏን እያየ፣ ማንም ሰው ምንም ሳይበላ። «እስቲ ለራሳችሁ አስቡት፤ ሦስት ሰው ከበባችሁ ቢያፈጥባችሁ ይበላላችኋል?» ስትል እናቴ ሳቀች። ከብዙ ሳምንት በኋላ የሳቀችው ያኔ ነው።

ያን ቀን ይዘን የወጣነው የአይረን ሽሮፕና አንዲት ወረቀት ነው። ወረቀቷ ላይ የሰፈረውን በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ፤ ምናልባት አንዷን እናት ሁለት ወር ያተርፍላት ይሆናል።

አንደኛ፣ ምላስ ምግብን መግፋቱ «አልወድም» ማለት አይደለም። ሕፃን ስድስት ወር ሙሉ ምላሱን የተጠቀመው ለመጥባት ነው፤ ምግብን ወደ ኋላ ማሳለፍ የሚማረው ትምህርት ነው። አንድን ምግብ ስምንት፣ አሥር፣ ከዚያም በላይ ጊዜ ካልቀመሰ «አይወደውም» አይባልም። እኔ በሁለተኛው ቀን ነበር የምለውጠው።

ሁለተኛ፣ ጡትና ምግብ ባላንጣ አይደሉም። ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ሕፃኑ ከሚያስፈልገው ኃይል ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ከጡት ማግኘት ይችላል፤ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ሢሶውን። ስለዚህ ጡት አይጣልም፤ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። የሚስተካከለው ሰዓቱ ነው። ጠግባ ከጠባች አትበላም፤ በጣም ርቧት ካለቀሰችም ትዕግሥት የላትም። ከጠባች አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆይታ፣ እንቅልፏን ጠግባ፣ ሳትነጫነጭ ስትቀመጥ ያለው ሰዓት ጥሩ ነው።

ሦስተኛ፣ መጠኑ። በሁለትና በሦስት ማንኪያ ይጀመራል፤ ከስድስት እስከ ስምንት ወር በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ ሦስት አራት ጊዜ፣ በመሃልም መክሰስ። እኔ በመጀመሪያው ቀን ያቀረብኩት ሳህን ሙሉ ገንፎ ለባለቤቴ ቁርስ ይበቃ ነበር።

አራተኛ፣ ውፍረቱ። ማንኪያው ሲያዘነብል የሚፈስ አጥሚት አብዛኛው ውኃ ነው፤ የሕፃን ሆድ ትንሽ ስለሆነ በውኃ መሞላት የለበትም። ማንኪያ ላይ የሚቆም ይሁን። ማር ደግሞ አንድ ዓመት ሳይሞላ በፍጹም።

አምስተኛ፣ ማስገደድ የለም። ተቀምጣ፣ ዐይን ለዐይን እየተያያችሁ፣ ቀስ ብሎ። ማንኪያውን ወደ አፍ ከመክተት ይልቅ ከንፈሯ አጠገብ ይዞ መጠበቅ። ፊቷን ካዞረች ማቆም። በእጇ መንካት፣ መጨማለቅ፣ መጣል የትምህርቱ አካል ነው።

ይህን የመጨረሻውን ሳነብ በሙያዬ አፈርኩ። ደንበኛ በር ሲዘጋብን በሩን አንገፋም፤ ቆይተን፣ ሌላ ጊዜ፣ በሌላ መንገድ እንመለሳለን። ይህን በየሳምንቱ ለአዳዲስ ሠራተኞች አስተምራለሁ። ለልጄ ግን በሩን ሰበርኩ።

አገር አቀፉን ነገር ካነሳን፣ ችግሩ የእኔ ቤት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ካሉ ሕፃናት በዓይነትም በመጠንም በቂ የሚባለውን ምግብ የሚያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ደግሞ 38 በመቶዎቹ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው አጥሮ ተገኝቷል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን የገባው ይህን በሁለት ዓመት ዕድሜ ውስጥ ለማስቆም ነው። ብዙ እናት ጋ የሚጎድለው ምግቡ ነው። እኔ ጋ ግን ምግቡ ሞልቶ የጎደለው አቀራረቡ ነበር፤ ይህን ማወቅ ደግሞ የራሱ ኀፍረት አለው።

እናቴ ሥራ ተሰጣት። ምጥን አዘጋጀች፤ ሦስት እጅ ስንዴና ገብስ፣ አንድ እጅ ሽምብራ። ታጥቦ፣ ተዘፍዝፎ፣ ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ተፈጨ። ቤቱ በቆሎ ሽታ ሞላ። ከባቢሌ የመጣ ለውዝ ቆልታ እንደ ቅባት እስኪሆን ወቅጣ፣ በመጀመሪያ በጣት ጫፍ ብቻ አስቀምሰን ምንም እንዳላመማት ካየን በኋላ ገንፎው ውስጥ ጨመርን። ሙሉውን ፍሬ ግን ለሕፃን አይሰጥም፤ ያንቃል። ከጎን ትንሽ ፓፓያ፤ ፓፓያና ብርቱካን አይረኑን አንጀት እንዲወስደው ያግዛሉ። ሻዩ ቀረ። አለቃዬን አነጋገርኩ፤ ምሳ ሰዓቴን አሳጥሬ ማታ አንድ ሰዓት ቀድሜ እንድወጣ ተስማማን። መጠየቅ ያን ያህል ቀላል መሆኑን ባውቅ ከሁለት ወር በፊት እጠይቅ ነበር።

ሚጣዬ ግን ወዲያው አልተመለሰችም። ካነቃት በኋላ ማንኪያውን ቀርቶ እጄን ስታይ ራሷን ወደ ኋላ ትስብ ነበር። ልጄ እጄን ፈራች። ይህን ዓረፍተ ነገር መጻፍ እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ለሁለት ሳምንት ማንኪያ ወደ አፏ አላስጠጋሁም። መሶቡ አጠገብ አብራን ትቀመጣለች፤ ከፊቷ ትንሽ ነገር ይቀመጣል፤ እኛ እየበላን እናወራለን። ሽሮፑን ብቻ ጠብታ ጠብታ እያደረግን በጉንጯ በኩል እንሰጣለን። ካካዋ ጠቆረና ደነገጥን፤ ከሽሮፑ ነው ተባልን።

የተከፈተችው እኛ ቤት አይደለም፤ ጎረቤት ነው። ግቢ የምንጋራቸው የሶማሌ አሮጊት አሉ። ሰፈሩ ሁሉ አዬዮ ይላቸዋል፤ አያት ማለት ነው። በሶማሌዎች ዘንድ አያት የልጅ ልጇን መልሳ «አዬዮ» ብላ ትጠራለች፤ እናትም ልጇን «ሆዮ»፣ እናቴ፣ ትላታለች። መጀመሪያ ስሰማ ግራ ገብቶኝ ነበር። አሁን ከማውቃቸው ቁልምጫዎች ሁሉ እሱን የሚያህል የለም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አዬዮ በራፋቸው ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ቁርስ ይበላሉ። የፍየል ጉበት በሽንኩርትና በቲማቲም ተጠብሶ፣ ከጎኑ ላሆህ፤ የእኛን እንጀራ የሚመስል፣ ግን ትንሽና ለስላሳ ነው። ሚጣዬን አጠገባቸው አስቀመጥኳትና ከእናቴ ጋር ልብስ እናሰጣ ጀመር። አዬዮ አላባበሏትም፣ አልለመኗትም፣ ዞር ብለውም አላዩዋት። እየበሉ ከልጃቸው ጋር በስልክ ያወራሉ። ዞር ስል ሚጣዬ እጇን ሳህናቸው ውስጥ ከታለች። በጉበቱ ወጥ የራሰ ቁራሽ ላሆህ ይዛ አየችው፣ ጨመቀችው፣ አፏ ውስጥ ከተተችው።

ልሮጥ ስል እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ተያት» አለች። እናቴ! ለመጀመሪያ ጊዜ። የያዝነውን እርጥብ አንሶላ ይዘን እንደቆምን፣ ልጄ አኘከች፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ዋጠች፤ ከዚያ እጇን መልሳ ዘረጋች። አዬዮ ስልኩን ሳይዘጉ ጉበቱን በጣታቸው ድቅቅ አድርገው ወደ እሷ በኩል ገፋ አደረጉላት። «ብዪ፣ አዬዮ» አሏት።

ስድስት ማንኪያ አይሞላም የበላችው። እናቴ ግን እስከ ማታ ለጎረቤት ሁሉ ስትናገር ዋለች። ጉበት ደግሞ አይረን የሞላበት ምግብ ነው፤ በሳምንት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ፣ ደቆ በትንሹ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ጉበቱ ወደ ቤታችን ገባ፤ ቀጥሎ እንቁላል፣ ቀጥሎ በአልጫ ክክ የተፈተፈተ እንጀራ፣ ቀጥሎ አዬዮ ቤት የለመደችው ሩዝ በሙዝ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት በእኛ ቤት ቃል በቃል ተፈጸመ።

ሁሉም ነገር እንደ ተረቱ አማረ ብዬ አልዋሻችሁም። ጥርስ ሲያወጣት ሳምንቱን ሙሉ ከጡት በቀር አልቀመሰችም። ሌሊት መጥባቷም የቀነሰው በወራት ነው። ግን በአሥራ አንድ ወሯ ስትመዘን 8 ኪሎ ከ300 ግራም ሆነች፤ ካርዷ ላይ የተኛው መሥመር ቀና ብሏል። ሂሞግሎቢኗም ወጥቷል። ሲስተር ካርዱን ስትመልስልኝ ምንም ትልቅ ነገር አልተናገረችም። «ቀጥሉ» ብቻ አለች።

እንደ እኔ ያለች እናት ይህን ታነብ ይሆናል። ልጅሽ ክብደቷ እየጨመረ፣ እየተጫወተች፣ ሽንቷን በደንብ እየሸናች ከሆነ ጊዜ አለሽ። ጡትም እምቢ ካለች፣ ደጋግማ ካስመለሳት፣ የዋጠችው ሁሉ ትን የሚላት ከሆነ፣ ክብደቷ ከቆመ ወይም ከቀነሰ፣ መዳፏ ከገረጣ ግን ለጎረቤት ምክር ጊዜ የለሽም፤ ወደ ጤና ተቋም ውሰጃት። የደም ምርመራ ጠይቂ። እኔ «እልኸኛ ናት» እያልኩ ሁለት ወር አባከንኩ።

እናቴ ልትመለስ ዋዜማ ላይ እራት ስንበላ ሚጣዬ ከሳህኗ የጨመቀችውን ፍትፍት በትንሽ እጇ ይዛ ወደ እናቴ አፍ ዘረጋች። እናቴ ጠግባ ነበር፤ «በቃኝ የኔ እናት» አለቻት። ሚጣዬ እጇን አላወረደችም፤ ግን አልገፋችም። እዚያው ከከንፈሯ ፊት ይዛ ጠበቀች። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይባል የለ? የሚጣዬ ጉርሻ አያስጨንቅም፤ ይጠብቃል። እናቴ ለአፍታ አየቻት። ከዚያ አፏን ከፈተች።

አሁን ሚጣዬ አንድ ዓመት ከሁለት ወሯ ነው። እናቴ ከደሴ በየማታው ትደውላለች። ድሮ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «በላች?» ነበር። አሁን መጀመሪያ ሰላም ትለናለች፤ የአዬዮን ጤንነት ትጠይቃለች፤ ከዚያ «ዛሬስ ምን ቀመሰች?» ትላለች። ትናንት ማታ እውነቱን ነገርኳት፤ ከሁለት ማንኪያ በቀር ምንም። እናቴ ትንሽ ዝም አለች። ዝምታዋን አሁን አውቀዋለሁ፤ ማንን እንደምታይበትም አውቃለሁ። «ክንዷ አረንጓዴ ነው፣ እማዬ» አልኳት።

«እሺ» አለች። «ነገ ትበላለች።»